የኔታ የጠጡት ጠላ

ቤተ መንግሥቱ ገና ከአንኮበር ሳይነሳ፣ እኔ እዚያው በአንድ ደብር የድጓ ተማሪ ነበርኩ። ተማሪ መባሉ ለወጉ ነው እንጂ ራሴስ ድንጋይ ነበር። ጓደኞቼ በሳምንት የሚይዙትን ዜማ እኔ በወር አልይዘውም። የደብሩ አለቃ፣ እስከ ፋሲካ ካልያዝክ ወደ ሞፈርህ ትመለሳለህ ስላሉኝ አብሾ ልጠጣ ቆረጥኩ።

አብሾ ከአስተናግር ዘር የሚዘጋጅ መጠጥ ነው። አእምሮ ይከፍታል ይባላል፤ የጠጣው ሰው ግን ጠላ ከቀመሰ አብሾው ይነሳበትና ያብዳል። አምና ከእኛ አንዱ ጠጥቶ፣ ልብሱን ጥሎ በአልዩ አምባ ቁልቁለት ወደ ቆላ እንደወረደ ቀረ። አለቃው አብሾ የተገኘበት ተማሪ አርባ ይገረፋል ብለው አሳወጁ። ማን ሰምቷቸው! እኛ የምናየው የኔታን ነበር። መጽሐፍ ሳይገልጡ ያስተምራሉ፣ ጠላ ደግሞ በአፋቸው አይዞርም። አብሾ ባይኖርባቸው ጠላ ለምን ይፈራሉ? እንል ነበር። እኔም አብሾዬን በቅል አድርጌ ጎጆዬ ክዳን ውስጥ ሸጎጥኩት። የምጠጣው ከደብሩ ዝክር ማግስት ነው፤ አንዴ ጠላ ልጥገብ ብዬ።

በዝክሩ ዕለት ጠላ የሚቀዱት የየኔታ እናት ነበሩ። የኔታ ብድግ ብለው ዋንጫ ዘረጉላቸው።

«ምን ነካህ ልጄ! ስእለትህስ? እኔ ከዚያ አልጋ የተነሳሁት በእርሱ አይደለም?» አሉ እናትየው።

ለካ ነገሩ ስእለት ኖሯል! እናታቸው ከሞት ቢተርፉላቸው የሚያሰክር ላይቀምሱ ተስለው ነበር።

«እምዬ፣ ቅጂልኝ» አሉ የኔታ። «ልጆቹ ጠላ የማልጠጣው አብሾ ስላለብኝ መስሏቸው እኔን ይከተላሉ። አምና የጠፋብኝም ልጅ እናት አለው።»

እናትየው ቀዱላቸው። የኔታ ጨለጡት። ደግመው አስቀዱ። እኛ ዓይናችንን ተክለን እብደቱን ጠበቅን። እርሳቸው የዕለቱን ዜማ አንድ ቃል ሳይስቱ ዘለቁት፤ ከዚያ ኩታቸውን አጣፍተው ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱ። እግዚአብሔርን እንዲያ የሚፈሩ ሰው ስለ እኛ ቃላቸውን አፈረሱ። ይህን ያህል አርጅቼም እንዲህ ያለ ነገር ደግሜ አላየሁም።

በማግስቱ ቅሉን አውጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ። ጅራፉን ስጠብቅ አብሾውን ወስደው አመድ ላይ ደፉት።

«የት ላይ ነበር የቆምከው?» አሉኝ።

ከዚያው ጀመርን። ፋሲካ ሲያልፍ አንዲት ገጽ ብቻ ተራምጄ ነበር። አለቃው ሊያስወጡኝ ሲመጡ፣ የኔታ ቀና እንኳ ሳይሉ «እያጠና ነው» አሏቸው።