ስንጥቁ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌዎች

ሮቤ ላይ ጠበቃ ጉዲናን "አካም ቡልቴ?" ብላችሁ እንዴት እንዳደረ ብትጠይቁት፣ መጀመሪያ ከኋላችሁ ማን እንዳለ ያያል። ከዛ "ምን ሰማህ?" ይላል። ሥራው ነው እንዲህ ያደረገው። የግንባታ ውል ያዋውላል፣ ውሉ ሲፈርስ ደግሞ ፍርድ ቤት ይሟገታል። ስለዚህ ባለቤትና ኮንትራክተር ፈርመው ሲተቃቀፉ፣ ለእሱ የሚታየው ማን ማንን ቀድሞ እንደሚከስ ነው። "ጉዲና ሰርግ ቢጠሩት ሙሽራውን ዋስ አምጣ ይላል" እያሉ ግንበኞቹ ያሙታል።

ጎባ ላይ የእትዬ እታለማሁን ጉዳይ ይዞ ነበር። ቤት አሠርተው ገና ሳይገቡበት የሳሎኑ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀባቸው።

"መሬቱ ነው! መረሬ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል እኮ!" ይላል ኮንትራክተሩ ደምመላሽ።

ጉዲና ደግሞ መሠረቱን በደንብ አልቆፈረም ባይ ነው። ፍርድ ቤቱ ባለሙያ ሐሙስ ዕለት ሄዶ መሠረቱን አስቆፍሮ እንዲያይ አዘዘ።

ረቡዕ ጠዋት እትዬ እታለማሁ ደወሉ።

"ጉዲናዬ፣ ደምመላሽ ሽማግሌ ልኮብኛል። የዕርቅ እርጥብ ሣር ይዘው የተከራየሁት ቤት በር ላይ ቆመዋል።"

"ለምን ዛሬ? እስከዛሬ የት ነበር?"

"እኔ ምን አውቄ! ሣር የያዘ ሽማግሌ ይመለሳል እንዴ? ነውር ነው!"

እውነታቸውን ነው። ግን አንዴ ይቅር ካሉ ክሱ ይቀራል፣ መሠረቱም ሳይታይ ይቀራል፣ ግድግዳው አንድ ቀን ላያቸው ላይ ይመጣል።

"እሺ ይበሏቸው" አለ ጉዲና። "ሽምግልናው ግን አዲሱ ቤት ውስጥ ይሁን። መጣሁ።"

ደርሶ ወንበሮቹን ስንጥቁ ሥር ደረደራቸው። ሽማግሌዎቹ መርቀው ተቀመጡ። ደምመላሽ በሩ ላይ ቀረ።

"ግባ እንጂ ወንድሜ" አለ ጉዲና፣ ድምፁን ማር አድርጎ።

"እዚህ ይመቸኛል። አየር አለው።"

"በዚህ በጎባ ብርድ አየር አጠረህ?"

ከሽማግሌዎቹ ታላቁ ኦቦ ኢታና ዞረው ስንጥቁን አዩ። ከዛ ደምመላሽን አዩት።

"ኮቱ ልጄ፣ ና አጠገቤ ተቀመጥ።"

"ኦቦ፣ ወገቤን ያመኛል። መቆም ይሻለኛል።"

"ታዲያ እዚህ መጥተህ ቁማ።"

ደምመላሽ አንድ እግሩን አስገባ። በመንገዱ አይሱዙ እያጓራ ሲያልፍ ከግድግዳው አናት አቧራ ረገፈ። እግሩ ተመልሶ ውጭ ወጣ።

ኦቦ ኢታና ዱላቸውን ይዘው ብድግ አሉ፤ ሌሎቹም ከሳቸው ቀድመው በሩ ጋ ደረሱ። ኦቦ ኢታና ሲወጡ ሣሩን ደምመላሽ እጅ ላይ መለሱለት።

"ነገ ይቆፈር" አሉ። "አንተ የምትፈራው ግድግዳ ሥር እኛን ልከህ ዕርቅ የለም።"

እትዬ እታለማሁ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ድንገት ዘጉት።

"ጉዲና፣ ያንተ ወንበር ግን ለምንድነው በሩ አጠገብ የሆነው?"

"ደምመላሽ እንዳያመልጥ ብዬ ነዋ!" አለ፤ አሁንም ዓይኑን ከግድግዳው ላይ ሳያነሳ።