ቅዳሜ እመጣለሁ

ይህ የገጠመኝ ካቻምና፣ ማንጎ በሚበስልበት ወር ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው እኔው በጻፍኳት አንዲት ዓረፍተ ነገር የተነሳ ነው።

የምኖረው አሶሳ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለልጆች ተረት እጽፋለሁ። ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ትምህርት ቤት የራቃት አንዲት መንደር አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ የገበሬዎቹን ልጆች ማንጎ ዛፍ ሥር አስተምራለሁ። የቤታቸው ቋንቋ በርታ ስለሆነ፣ አማርኛ የሚለምዱት የጻፍኩትን ጮክ ብለው በመድገም ነው።

አንድ ቅዳሜ የጅብ ተረት ጀመርኩላቸው። ጅቡ ከመንደሩ ዳር ቆሞ፣ "ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ልጆቹን ይዤ እሄዳለሁ" ይላል። እዚያ ላይ አቆምኩና፣ "ይህችን እቤት አጥኗት" አልኳቸው።

በሳምንቱ በባጃጅ ስደርስ አንድም ልጅ የለም። ዛፉ ሥር የቆሙት አባቶቻቸው ናቸው። አንዳንዱ ዱላ፣ አንዳንዱ ገጀራ ይዟል። ባለባጃጁ ፊታቸውን አየና ሞተሩን ሳያጠፋ፣ "እማማ፣ አይውረዱ፣ እንመለስ" አለኝ። ያን ሰሞን መንገድ ላይ ሰው ይጠፋል እየተባለ ይወራ ነበር። ፈራሁ። ግን ያን ዕለት ከተመለስኩ ዳግመኛ ልጆቻቸውን እንደማይሰጡኝ ገባኝ። ወረድኩ።

ሃሚድ የሚባለው ቀረበኝ። ከተማሪዎቼ ቀልጣፋዋ የአሻ አባት ነው። አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም።

"ልጆቹ የት ትወስዳለህ?" አለኝ።

"የትም አልወስዳቸውም።"

"አሻ ነገረኝ። እማማ ቅዳሜ እመጣለሁ አለ፣ ልጆቹን ይዤ እሄዳለሁ አለ። ዛሬ ቅዳሜ ነው። መጣህ።"

"ያለው እኮ ጅቡ ነው!"

"ጅብ አማርኛ ያወራል?" አለ ከኋላ አንዱ። ማንም አልሳቀም።

"አሻን ጥራት" አልኩት። በበርታ ተጣራ። ልጅቷ እያለቀሰች መጣች።

"ይህን ያለው ማን ነው? አሳዪያቸው" አልኳት።

የአባቷን ዱላ አየች። ከዚያ ጀርባዋን አጉብጣ፣ እያነከሰች፣ ድምፅዋን አወፍራ ዓረፍተ ነገሯን አለቻት። በበርታም ደገመችው። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ሳቁ፤ ከዚያ ሁሉም።

"ጅቡ በባጃጅ መጣች!" አለ ያ ከኋላ የቆመው።

ሃሚድ ብቻ አልሳቀም። ተቀመጠና ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

"ከዚያስ? ልጆቹ ተመለሱ?"

"ገና አልጻፍኩትም።"

"ጻፍ" አለኝ። "ተመለሱ ብለህ ጻፍ።"

እዚያው ማንጎው ሥር ተቀምጬ ጻፍኩ። አሻ አነበበችለት፤ ሲሰማ ቆየና ዱላውን አንስቶ ወደ እርሻው ሄደ። ልጆቹም ከየቤታቸው አንድ ሁለት እያሉ መጡ።

አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። የልጆቹን አማርኛ አርማለሁ። ሃሚድን ግን "ጻፊ በል" ብዬ አርሜው አላውቅም። ተረትም መጨረሻውን ሳልጽፍ ይዤ ከቤቴ አልወጣም።