ድቤዋ እስክትሞቅ

የወንድሜ ልጅ የተዳረች ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር እየተባለ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ይወራል። ውሸት ነው። መብራት አልጠፋም። የዲጄውን ሞንታርቦ ከሶኬቱ የነቀልኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ከሐሜት ያዳነኝ መስሎት ለእንግዳው ሁሉ «መብራት ሄዶ ነው» እያለ አስተባበለ። አስተባብልልኝ ብዬ አልለመንኩትም። ዛሬም የጠየቀኝ ካለ አንገቴን ቀና አድርጌ ነው የምናገረው።

«ኋላ ቀር ሴት ናት» የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ዘመናዊ ስልክ አለኝ፣ ፍሪጅ አለኝ፣ ልብሴን የሚያጥብልኝ ማሽን ነው። በልጅነቴ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ወርደን በድንጋይ ላይ ስንፈትግ የምንውለውን ሳስታውስ ማሽኑን ለሠራው ሰው ዱዓ አደርጋለሁ። እና አዲስ ነገር ሁሉ ይጥፋ አልልም። የእኔ ጠብ ከአንድ ነገር ጋር ብቻ ነው፤ ሰርግ ቤት ገብቶ ሰውን ሁሉ ዲዳ ከሚያደርግ ጩኸት ጋር።

እኛ ሰርግ የምንዘፍነው በድቤ ነበር። ድቤ የፍየል ቆዳ የተወጠረባት ከበሮ ናት። አመለኛ ናት። አገሩ ሐይቅ ዳር ስለሆነ እርጥበት ቶሎ ይገባታል፤ ቆዳዋ ይላላል፣ ድምጿም ይሞታል። ያኔ ዘፈኑ ይቆምና እሳት ዳር ትወሰዳለች። ቆዳዋ ደርቆ እስኪወጠር ሰው ያርፋል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ያወራል። ዲጄ ወዳዶቹ ይሄን እንደ ጉድለት ነው የሚቆጥሩባት። «ሞንታርቦ እኮ አይደክምም» ይሉኛል። እኔም የምላቸው እሱኑ ነው፤ የማይደክም ነገር ለሰው ወሬ ፋታ አይሰጥም።

ልማድም አለን። የሙሽራው ሴቶች የራሳቸውን ድቤ ይዘው ይመጣሉ፣ እኛም የራሳችን አለችን፤ ሁለቱ ግን የሚሞቁት በአንድ እሳት ነው። ድቤዎቹ እስኪሞቁ የሁለቱ ወገን ሴቶች እሳቱን ከበው ይቀመጣሉ። ከዚያ ተነስተን ስንዘፍን የልባችንን በግጥም እንጠይቃለን፣ የተጠየቀው ወገን በግጥም ይመልሳል። በድቤ የተመለሰ መልስ አይታጠፍም። ሽማግሌ ፊት የሰጠውን ቃል ያጠፈ ወንድ አይቻለሁ። በድቤ የተናገረችውን ያጠፈች ሴት ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመችኝም።

የወንድሜ ልጅ ደሴ ነርስነት ትማር ነበር፤ ልትጨርስ የቀራት አንድ ዓመት ነው። ሙሽራው የአምባሰል ልጅ ነው። መኪና ይነዳል፣ ሥራውን አክባሪ ነው፣ እሷም ወዳው ነው ያገባችው። ሽማግሌዎቹ ስለ ጥሎሹም ስለ ኒካሁም ተነጋግረው፣ ተመራርቀው፣ በልተው ተለያዩ። ሂና የተቀባች ዕለት አጠገቧ ተቀምጬ ሳለ ልጅቱ ድንገት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እጇ ላይ ሂናው ስላልደረቀ መጥረግ አልቻለችም፤ በነጠላዬ ጠረግሁላት።

«አክስቴ፣ ስለ ትምህርቴ ማንም ምንም አላለም» አለችኝ።

«አባትሽስ?»

«‹እዛው ስትገቢ ከባልሽ ጋር ትነጋገሪያለሽ› አለኝ። እዛ ከገባሁ በኋላ ማን ይሰማኛል?»

ተነስቼ ወደ ወንድሜ ሄድኩ። ደሜ ፈልቷል። እሱ ደግሞ በሬ የሚያርዱለትን ሰዎች እየፈለገ ላይ ታች ይላል። ነገሩን ስነግረው እጁን አወናጨፈ።

«ያለቀ ነገር አትቆስቁሺብኝ። ወላሂ ሰርጉን ታበላሺዋለሽ» አለኝ።

«እሺ፣ አንተ ካፈርክ እኔ በድቤ እጠይቃቸዋለሁ።»

ሳቀብኝ። «የምን ድቤ? ከደሴ ዲጄ ቀጥሬያለሁ እኮ! ሐይቅ ታይቶ የማይታወቅ ሞንታርቦ ነው የሚያመጣው።»

እውነቱን ነው፣ ታይቶ አይታወቅም። የሰርጉ ቀን ድንኳኑ በር ላይ ግራና ቀኝ ተገተረ፤ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። ከጠዋት ጀምሮ ሲጮህ ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል። ሰው ጎረቤቱን «እንደምን ዋልክ» ለማለት አፉን ጆሮው ውስጥ ይከታል። ከአምባሰል የመጡት የሙሽራው ወገኖች ሲገቡ ሴቶቻችን እልል ብለው ተቀበሏቸው፤ አፋቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ እልልታው አልተሰማኝም። የሙሽራው እናት አሮጊት ናቸው። ድቤያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ልጅ እንደታቀፈ ሰው ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ዓይናቸውን ከሞንታርቦው ሳይነቅሉ ምሳው አለቀ።

ዙሁር ተሰግዶ ምሳው ከተነሳ በኋላ የሚዜዎቹ መኪና ይሞቅ ጀመር። ገባኝ። ልጅቱን ይዘው ሊሄዱ ነው፤ እኛም አንዲት ቃል ሳንለዋወጥ ልንለያይ ነው። ወደ ዲጄው ሄጄ በትህትና «ልጄ፣ እስቲ ትንሽ አቁምልን» አልኩት። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ፈገግ አለልኝ። ደግሜ አልኩት። ዘፈን የመረጥኩ መሰለውና ከቅድሙ የባሰውን ለቀቀው።

ገመዱን በዓይኔ ተከተልኩ። ከድንኳኑ ጀርባ በወንድሜ ሳሎን መስኮት ነው የሚገባው። ገብቼ ነቀልኩት።

ያ ጸጥታ! አላህ ያሳያችሁ። ማንኪያ ከሳህን ሲጋጭ ተሰማ። አስፋልቱ ላይ የወልዲያ ሚኒባስ ጡሩምባ ተሰማ። አንዱ ጎረቤቱ ጆሮ ላይ ስለ ሙሽራው አጎት ሆድ ሲጮህ የነበረውን ሳያቋርጥ ቀጠለበት፣ የሆዱ ባለቤትም ሰማው። ሳቁ ከዚያ ጀመረ። ወንድሜ እየሮጠ መጣ።

«አንቺ ሴት፣ ምን ነክቶሻል? በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?»

«ልጅህን አፏን ዘግተህ ከምትሸኛት አንተ ትንሽ ብትዋረድ ይሻላል» አልኩት። ገመዱን አልሰጠሁትም።

ድቤዬን አንስቼ ድንኳኑ መሐል ቆምኩና መታሁ። ወይ ውርደት! እንደ ረጠበ ካርቶን «ጧ» አለች። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ቆዳዋ ላልቷል። ዲጄው ቂሙን ሊወጣ «እማማ፣ ቻርጅ ጨርሳለች እንዴ?» ቢል ሰው በሳቅ ፈነዳ።

«አዎ ልጄ» አልኩት፤ «ቻርጀሯ ጓሮ ነው። አንተ የማታውቀው ዓይነት ነው።»

ጓሮ የወጥ ድስቶቹ የተነሱበት ፍም አልጠፋም ነበር። ድቤዬን ወደ ፍሙ አዙሬ ቁጢጥ እንዳልኩ ከጀርባዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። የሙሽራው እናት ናቸው፤ ድቤያቸውን ከጨርቁ እየፈቱ መጡ። ወንበር ሳብኩላቸው።

«የኔዋም ተኝታለች» አሉኝ። «ጎሽ፣ እንኳን አፉን ዘጋሽልን። ጧት ስመጣ ልስማችሁ፣ ልመርቃችሁ ነበር። ምርቃቴን ይዤ ልመለስ ነው ብዬ ከፍቶኝ ነበር።»

እኔ ለእኚህ ሴት የመረረ ግጥም አዘጋጅቼ ነበር። ልጃችንን ከትምህርት ጎትተው ምድጃ ሥር ሊያውሏት የመጡ አማት አድርጌ፣ እንዲቆጠቁጣቸው አድርጌ ነበር የገጠምኩት። እሳቸው ድቤያቸውን በፍሙ ላይ እያገላበጡ፣ ሳልጠይቃቸው፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸው ዓረብ አገር እንደሆኑ ነገሩኝ። ቤት ውስጥ የሚያዋራቸው የለም። ልጃቸው ለሥራ ወጥቶ ይከርማል። ሙሽራዋ የምትመጣበትን ቀን እንደ ዒድ ሲጠብቁ ሰነበቱ። ይሄን ሲሉኝ ያን ሁሉ ግጥም ለመዝፈን አፈርኩ።

«ግን እማማ» አልኳቸው፣ «ልጅቱ እኮ ትምህርቷን አልጨረሰችም። አንድ ዓመት ይቀራታል። አንቱ እንደ ፈቀዱ ነው።»

እጃቸው ድቤዋ ላይ ቆመ። «አልጨረሰችም? ጨርሳለች ነው ያሉኝ!»

«ማን?»

«ወንዶቹ ናቸዋ! ማን ይሆናል?» ፊታቸው ተለዋወጠ። የተቆጡት በእኔ አልነበረም። ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሱት። «ስሚ ልጄ» አሉኝ ቆይተው፤ «እኔ እዚህ ለብቻዬ እሺ ብልሽ ነገ ቤት ስገባ ይሽሩብኛል። ‹አንቺ ምን ታውቂያለሽ› ይሉኛል። ስለዚህ በድቤ ጠይቂኝ። ሁሉም እየሰማ ጠይቂኝ።»

ድቤያቸውን በጣታቸው ኳ አደረጓት። ጮኸች። የእኔም ተወጥራለች። ተያይዘን ድንኳን ገባን፤ ሴቶቹ ከሁለቱም ወገን ተነስተው ከበቡን፣ ጭብጨባው ቀለጠ። ያን የመረረውን ግጥም ትቼ እዚያው የመጣልኝን አወረድኩት፦

ሙሽራዋ ተማሪ ደብተሯ ሳይዘጋ፣
ወዴት ልትወስዷት ነው እስካምባሰል ደጋ?
እማማ ቃል ይስጡን ሰው ሁሉ እየሰማ፣
ትምህርቷን ትጨርስ ደሴ ከከተማ።

ሴቶቹ ተቀበሉኝ። የወንድሜ ፊት አመድ መሰለ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንደኛው ሊናገር አፉን ከፈተ። ድቤ እየተመታ ወንድ አይናገርምና መልሶ ዘጋው። ሙሽራዋ በሻሿ ውስጥ ሆና ትንፋሿን ይዛለች፤ ከቆምኩበት አየኋት። አሮጊቷ ድቤያቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ወደ መሐል ገቡ። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ግን እስከ ድንኳኑ ዳር ደረሰ፦

ሄዳ ትማርልኝ አላስቀራት ከደጅ፣
ጁምዓ ጁምዓ ትምጣ ትሁነኝ እንደ ልጅ።

እልልታው ያን ጊዜ ተሰማኝ፤ ጆሮዬን እስኪያመኝ ተሰማኝ። እኔ ግን እልል ማለት አቃተኝ። ያቺን የጁምዓ ነገር እሳቱ ዳር አልነገሩኝም ነበር። በሰው ሁሉ ፊት ብቸኝነታቸውን ገልጠው አንዲት ቀን ሲለምኑ አለቀስኩ። ዲጄውም ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸን ነበር። ልጅቱም ጁምዓ ጁምዓ እንደምትመጣ ራሷን ነቅንቃ ቃል ገባች።

የአገሬ ሰው ይሄን ሁሉ አይቶ ምን እንዳለ ልንገራችሁ። «ደስ ይላል፣ ባህል ነው» አለ። ባህል! ለመታሰቢያ አቧራ ጠርገው የሚያዩት ዕቃ ይመስል። እኔ ድቤ የመታሁት ለባህል አይደለም። የምንጠይቀው ነገር ስለነበረን ነው፤ ያ ሞንታርቦ ደግሞ ጠይቆም መልሶም ስለማያውቅ ነው። ቢሻላቸው ዲጄውን ያምጡት፣ ይጨፍሩበት። ቃል የሚሰጥበት ሰዓት ላይ ግን አፉን ይዝጋ። እንቢ ካለ ደግሜ እነቅለዋለሁ።

ነገሩ በዚያ አላለቀም። የጫጉላው ጊዜ አልፎ ትምህርት ሲከፈት ልጅቱ ቦርሳዋን አዘጋጀች። ባሏ በር ላይ ቆሞ፣ በለሰለሰ አንደበት፣ «ዘንድሮን ብትተዪው ምናለበት፣ ቤቱ ሰው ይፈልጋል» አላት። እሷም ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች። ይሄን ሁሉ የነገረችኝ ራሷ ናት።

አሮጊቷ ከጓዳ ወጥተው ቦርሳውን አነሱት። ማንንም ሳያናግሩ አስፋልቱ ድረስ ወረዱ። ልጅቱ ከኋላ፣ ባሏ ከልጅቱ ኋላ ተከተሉ። የደሴ ሚኒባስ ሲመጣ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙና ቦርሳውን ለረዳቱ አቀበሉት።

«እማ፣ እኔ እኮ ላንቺ ብዬ ነው» አለ ልጃቸው፤ «ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ።»

«እኔ የምፈልገውንማ ሰው ሁሉ እየሰማ በድቤ ተናግሬያለሁ» አሉት። «ጁምዓ ነው ያልኩት። ዛሬ ሰኞ ነው።»