ቁልቁል ውረጂ

አባቴ ማሽላ ሊያጭድ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ወባ ይዞት እዚያው ከተቀበረ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መካነ ሰላም ከተማ ለሚሠራ አንድ የሥነ ልቦና ሐኪም ይህንኑ አጫወትኩት። አንድ ቀን ከምክሩ ጋር በሂፕኖሲስ፣ በንግግር በማፍዘዝ፣ ላግዝሽ ብሎ ዓይኔን አስጨፈነኝ።

«ቁልቁል እየወረድሽ ነው» አለ ድምፁን አለስልሶ። «በወረድሽ ቁጥር ሰውነትሽ ይሞቃል፤ እጅ እግርሽ ይዝላል፤ ራስሽ ይከብዳል።»

ዓይኔን አፍጥጬ ተነሳሁ። ድግምቱን ከየትም ሸምድዶ መጥቶ፣ የዚህ አገር ደገኛ ቁልቁል ሲወርድ የት እንደሚደርስ እንኳ ያልጠየቀ!

«ዶክተር፣ የሚነግሩኝ እኮ ወባ ነው!» አልኩት።

«ተረጋጊ፤ ታች ሰላም ነው» አለኝ ፈገግ ብሎ።

አንቱታው ከአፌ ጠፋ።

«ታች ማን እንዳለ ነግሬህ የለም እንዴ?»