የበረዶው ቤት ቀዳዳ

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቤት የወጣሁት ልጄን በጆሮዋ ጎትቼ ላመጣት ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ስፖንጋ በሚባለው የስዊድን ሰፈር ከምንኖርበት ሕንጻ ጀርባ፣ ጫካው ዳር፣ የበረዶ ቤት ስትቆፍር ዋለች። አስተማሪዋ ናት አሠራሩን ለተማሪዎቿ ያሳየችው። ሰው ቤት እያለው በረዶ ውስጥ ይገባል? አባቷን "ሂድና አምጣት" ስለው "ተያት፣ የዚህ አገር ልጅ ናት" ብሎ ሶፋው ላይ ተገላበጠ። እሱም አናደደኝ።

ስደርስ ከበረዶው ክምር እግሯ ብቻ ይታያል።

"ውጪ!" አልኳት።

"አንቺ ግቢ" አለችኝ በስዊድንኛ። ሁልጊዜም እኔ በአማርኛ እጮሃለሁ፣ እሷ በስዊድንኛ ትመልሳለች።

ልይዛት ብዬ በደረቴ እየተሳብኩ ገባሁ። ሻማ አብርታለች። ሞቅ ይላል፤ ይሄም አናደደኝ። ከጣሪያው ግን ክንድ በምታህል ቀዳዳ ንፋስ በቀጥታ አንገቷ ላይ ይወርዳል። አልቧታል ደግሞ። እኛ አገር በዚያ ሙቀት እንኳ ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ይሰደባል። እሷ ጓንቷን ስትፈልግ የአንገት ልብሴን ጠቅልዬ ቀዳዳውን ወተፍኩት። መግቢያውንም በቦርሳዋ ደፈንኩት።

ከዚያ ቁጣዬን ጀመርኩ። ስለ ሳንባዋ፣ ስለ እርጥብ ካልሲዋ፣ ስለ አስተማሪዋ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ራሴን ከበደኝ፤ ንዴቱ ነው አልኩ። ልጄ ሻማውን አየች። ነበልባሉ ተመንምኖ ጥፍር አክሏል። ቀና ብላ ጣሪያውን አየችና ጮኸች፣ በአማርኛ።

"እማዬ! እሱ እኮ መተንፈሻችን ነው!"

ልብሴን መዝዛ ጣለችው፣ ቦርሳውን በእግሯ ገፋችው።

"ሻማው ከደከመ ውጡ ተብለናል" አለችኝ ውጭ ቆመን ስናለከልክ። "ብቻዬን ብሆን ምንም አልሆንም ነበር።"

መንገዱን ሙሉ ጮህኩባት። ለራሴ የሚገባውን ስድብ ሁሉ ለእሷ ሰጠኋት።

ቤት እንደገባን በቀጥታ መኝታ ክፍሏ ሄድኩ። ከመስኮቱ በላይ ያለውን የአየር ማስገቢያ፣ ቬንቲል የሚሉትን፣ እዚህ ቤት ከገባን ጀምሮ በጨርቅ የጠቀጠቅኩት እኔ ነኝ። አከራዮቹ ክፈቱ ብለው ሁለት ጊዜ ወረቀት ልከዋል፤ ሁለቱንም ቀድጄ ጥያለሁ። ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ራሴን ያመኛል ስትል በስልኳ ሳሳብብ ኖሬያለሁ። ወንበር ላይ ወጥቼ ጨርቁን ነቀልኩት።

"አሁንስ ብርድ ቢመታኝ?" አለች በሩ ላይ ቆማ፣ እየሳቀች።

"ዝም በይ!" አልኳት። አልጋዋን ከመስኮቱ ሥር ጎትቼ ወደ ወዲያኛው ግድግዳ ወሰድኩት።