የአርባ ሦስት ሰው ስልክ

እትዬ ካርድን የማያውቅ የሰፈራችን ሰው አልነበረም። በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል፣ ሰው አንገቱን ዝቅ አድርጎ በሚያይባት ጠባብ መስኮት በስተጀርባ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ተቀምጠዋል። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቁት ኃላፊውና እናቴ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

የታካሚ ካርድ ለማውጣት ቁጥር አይጠይቁም ነበር። ፊትዎን አየት ያደርጋሉ፣ እጃቸው ራሱ መደርደሪያውን ያውቀዋል። ያ የአሮጌ ወረቀት ሽታ ዛሬም ትዝ ይለኛል። በሽታ ግን ከአፋቸው አይወጣም። «ያ ተከራዬ ትናንት ምን ሆኖ ነው የመጣው?» ለሚል ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው።

«ጉንፋን።»

«ሚስቱስ?»

«ጉንፋን።»

እናቴ «በዚህች ሴት መስኮት ካየሽው፣ ሰፈራችን ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ከጉንፋን በቀር በሽታ አልገባበትም» እያለች ትስቅ ነበር። ሰው እንዳያውቅበት የሚፈራ ታማሚ ሲመጣ ደግሞ የካርዱን የታችኛውን ጥግ በጥፍራቸው አጠፍ ያደርጋሉ። ጥጉ የታጠፈ ካርድ ሌላ እጅ አይነካውም፤ ራሳቸው ይዘው ገብተው ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ በግንባሩ ይደፉታል። ይህን አድርጊ ያላቸው መመሪያ አልነበረም። ከራሳቸው ያወጡት ነው።

ወረርሽኙ በገባ ዓመት ኩባንያው መጣ። ያ ሁላችንም በስልካችን ውስጥ የያዝነው፣ ዓይናችንን ስንገልጥ መጀመሪያ የምናየው ትልቅ ኩባንያ። አንድ ዓይነት ሹራብ የለበሱ ወጣቶች ስልክ ላይ የሚጫን መተግበሪያ ይዘው ከተፍ አሉ። ደህና የሆነ ሰው አረንጓዴ ይሆናል፤ የታመመና ከታመመ ሰው ጋር የዋለ ቀይ።

«ይህን ማን ያየዋል?» አሉ እትዬ ካርድ።

«ጤና ጣቢያው ብቻ ነው እናቴ» አለ አለቃቸው፤ ታብሌት ከእጁ ስለማይለይ እኛ ባለታብሌቱ ያልነው።

«ሌላስ?»

«ሌላ ማንም።»

«ሰው ቤት ገብቼ ተመዝገቡ የምለው እኔ ነኝ። የሚሰሙት የኔን ቃል ነው፣ ያንተን አይደለም።»

«እርስዎን የሚያሳፍር ነገር አንሠራም።»

አመኑት። ቤት ለቤት ዞሩ። እናቴን ጨምሮ ብዙዎቹ ትልልቅ ሰዎች «ሃሎ» ከማለት በቀር ሌላ ሥራ የማያውቅ ስልክ ነበራቸው፤ አንዳንዱ እሱም የለውም። እትዬ ካርድ ደግሞ የመጣን ሰው መመለስ አልለመዱም። «የእርስዎን ቁጥር ያስገቡላቸው፤ ቦታው እንዲሞላ ነው እንጂ ችግር የለውም» አለ ባለታብሌቱ። በገዛ ስልካቸው አርባ ሦስት ሰው መዘገቡ። በመጨረሻው ቀን ስልካቸውን ከፍ አድርገው ሲስቁ ፎቶ አነሳቸው። ሳያስፈቅዳቸው በር በሚያህል ሸራ አሳትሞ የጤና ጣቢያው አጥር ላይ ሰቀለው። ከሥሩ «እኔ አምኛለሁ፤ እርስዎስ?» ይላል።

ወሩ ሳያልቅ ከአርባ ሦስቱ አንዱ፣ ጡረተኛው ሹፌር፣ ታመሙ። የኩባንያው ማሽን በአንድ ስልክ አርባ ሦስት ሰው ሲያይ፣ ሁሉም በአንድ ክፍል ተፋፍገው የሚያድሩ መሰለው። ከነቤተሰባቸው ቀይ ቀባቸው። በማግሥቱ ጠዋት፣ በምሠራበት ጫማ ፋብሪካ በር ላይ፣ ገና ስልኬን ሳላወጣ ዘበኛው ስሜን በእጁ ከያዘው ስልክ ላይ አነበበው።

«አንቺ ቀይ ነሽ። ተመለሺ።»

«ማን ነገረህ?»

«ይኸው ይላል።»

«ለጤና ጣቢያ የነገርነው ፋብሪካ በር ላይ ምን ይሠራል?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ እንዴ? የላኩልኝን ነው የማነበው!»

ያን ቀን ከሰፈራችን ሃያ ስድስት ሰው ከየሥራው በር ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ወሬው አንድ ሆነ፤ እትዬ ካርድ ሸጡን። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ «እንደምን ዋላችሁ?» ሲሉ ሰው ሁሉ የገዛ ጫማውን ያይ ጀመር። አንዷ ብቻ መለሰችላቸው።

«ደህና ነን እትዬ። ከጉንፋን በቀር።»

ኩባንያው ቢሮ ሲሄዱ አብሬ ሄድኩ፤ ሥራ ፈት ሆኛለሁ አይደል። ወለሉ ፊት ያሳያል። ባለታብሌቱ እሳቸውን ሳይሆን እኔን እያየ ተናገረ።

«ስህተቱ የመዝጋቢዋ ነው። አርባ ሦስት ሰው በአንድ ቁጥር አይገባም።»

«የእርስዎን ያስገቡ ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

«ሊሆን ይችላል። ለፋብሪካዎቹ መስጠታችንን በተመለከተ ግን፣ መረጃው ለአጋሮቻችን እንደሚተላለፍ ውሉ ላይ ተጽፏል። ተስማምቻለሁ የሚለውን ተጭነዋል።»

«የቱን?»

«ሰማያዊውን። አርባ ሦስት ጊዜ።»

እትዬ ካርድ ሲጮኹ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ባል ስለ ሚስቱ ጠይቆኝ ያልነገርኩ ሴት ነኝ! አሠሪ ስለ ሠራተኛው ለምኖኝ ያልነገርኩ! አንተ በኔ አፍ አርባ ሦስት ሰው አሳጣህ!»

«ቅሬታ ካለዎት መተግበሪያው ላይ ቅጽ አለ» አለ።



በሁለት ሳምንቱ ቀዩ ተነሣልኝና ሥራ ገባሁ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ማሳል ጀመረች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሏ ሲመጣባት እንዳልሰማ የስፌት መኪናዋን ታስሮጠዋለች። አንድ ቀን ቀረብ ብዬ ሳይ መርፌው ላይ ክር የለም። በሳምንቱ ከንፈሯ ጠቆረ፤ ፔዳሉን መርገጫ ትንፋሽም አጣች።

«እማዬ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ።»

«አልሄድም። መታመሜ እዚያ ማሽን ውስጥ ከገባ አንቺ ነገ በር ላይ ትቀሪያለሽ።»

«ልቅራ! አንቺ ከምትቀሪብኝ!»

«አልሄድም አልኩ።»

ሮጬ እትዬ ካርድን ጠራኋቸው። እናቴ ድምፃቸውን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ያንን ስልክሽን ይዘሽ ከቤቴ ውጪልኝ» አለች፣ የሠላሳ ዓመት ጓደኛዋን።

«ስልኩን ለልጅሽ ሰጥቼ ነው የገባሁት። ይኸው በር ላይ ይዛዋለች።» ከሹራባቸው ሥር አንድ ያረጀ ካርድ አወጡ። የእናቴ ነው። የታችኛው ጥጉ ታጥፏል። «ይቺን ጥግ ያጠፍኳት መቼ ነው?»

እናቴ ካርዱን በጎን አየት አደረገችና ወደ ግድግዳው ተመለሰች።

«መቼ ነው?»

«ይቺ ልጅ... ገና እየዳኸች።»

«ማን ሰማ?»

«ማንም።»

«ባልሽስ?»

«አልሰማም።»

«ልጅሽስ?»

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ አፌን ከፍቼ ቆሜአለሁ። «እሷም አልሰማችም» አለችና እንድናነሣት ክንዷን ዘረጋች። በሽታው ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። እትዬ ካርድን አንድ ቀን ጠይቄአቸው ነበር፤ «ጉንፋን» አሉኝ።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ኃላፊው በሩ ላይ ቆመ። «መጀመሪያ መታመሟ በስልክ ይመዝገብ። ያለዚያ አልጋ አይሰጥም፤ መመሪያ ነው።»

«መመሪያው ይታነቃል? እሷ ናት ትንፋሽ ያጠራት!»

«እትዬ፣ ኋላ እኔን ነው የሚጠይቁኝ።»

«ወረቀት አምጣ።» ኃላፊነቱ የኔ ነው ብለው በእጃቸው ጽፈው ፈረሙለት። ከዚያ ካርዱን ይዘው ገቡና ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ በግንባሩ ደፉት።

እናቴ ኦክስጅን ተደርጎላት ዘጠኝ ቀን ተኝታ ዳነች። እትዬ ካርድ በወረቀት ይቀበላሉ የሚለው ወሬ ሲሰማ፣ በየቤቱ ሳሉን አፍኖ የተኛ ሁሉ መስኮቷ ሥር መጣ። አሥራ አንድ ነበሩ። ሦስቱ ዘግይተው ነበር፤ ቀበርናቸው። የገደላቸው በሽታው ብቻ ነው የሚለኝ ካለ ይምጣና ፊት ለፊት ይንገረኝ።

እትዬ ካርድ «መመሪያ በመጣስ» ተሰናበቱ። ከኩባንያው ግን አንድ ሰው እንኳ አልተነካም። ሸራውም አጥሩ ላይ ቀረ፤ ያባረሯቸው ሴት ስልካቸውን ከፍ አድርገው እየሳቁ «እኔ አምኛለሁ» ይላሉ።

እናቴ መሄድ በቻለች ሰሞን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ትልቁን መቀሷን ይዛ ክንዴን ተደግፋ ወጣች። በየአሥር እርምጃው እያረፈች አጥሩ ጋ ደረስን። የእትዬ ካርድን ፊት ከግንባር እስከ አገጭ፣ ጨርቅ እንደምትቆርጥ ሁሉ፣ ዞራ ቆረጠችው። የጤና ጣቢያው ዘበኛ እየሮጠ መጣ።

«እማማ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ። የማይሆናትን አልብሰዋታል፤ እያወለቅኩላት ነው።»

ዘበኛው ሸራውን አየ። የእሱም እናት ከአርባ ሦስቱ አንዷ ናቸው። ተመልሶ ሄደና የሚቀመጥባትን ወንበር አመጣላት።

«እንግዲህ ቁጭ ብለው፣ የታችኛውንም ጽሑፍ ይቁረጡት።»