የሙቀት ሳጥኑ ሹም

ሰሚ ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቁም! የእርሾ ቤተ ሙከራው ቁልፍ ያዥ፣ የሙቀት ሳጥኑ፣ የማቀዝቀዣውና የመጸዳጃ ቤቱ የበላይ፣ ያለ እሱ ፈቃድ እርሾ እንኳ ኩፍ እንዳይል አዟል። ሿሚው ማነው ብሎ የሚጠይቅ ደፋር አይገኝም፤ ቁልፉን ወገቡ ላይ ያንጠለጠለ ዕለት ራሱ ሾሞ ራሱ አጨብጭቧል።

ቤቱ ሲገባ ግን ሹመቱ ደጅ ይቀራል። ሚስቱ ካልሲውን ከእሷ ልብስ ጋር አላሰጣም ብላ፣ የእግርህን ሽታ መሥሪያ ቤትህ ይቻለው ካለችው ቆይታለች። እሱም ቃሏን እንደ ደንብ ያዘው። ማታ በር ሲዘጋ ካልሲውን አጥቦ የሙቀት ሳጥኑ የታችኛው መደርደሪያ ጥግ ላይ ያሰጣል፣ ጠዋት ሲከፍት ይሰበስባል። ከፋቹም ዘጊውም እሱ፤ ማን ያየዋል?

በዚያው ሳጥን አንዲት ወጣት ተመራማሪ ትሠራ ነበር። ከእርሾዎቿ አንድ አንድ ዘረ መል እያጠፋች፣ በስኳር፣ በጨውና በሙቀት የትኛው እንደሚፋፋ፣ የትኛው እንደሚሞት ታያለች። ለእያንዳንዱ ዓይነት የየራሱን መደርደሪያ ሰጥታዋለች። አንድ ቀን ደግነት አያጣትምና አስረዳችው፤ የታችኛው እርሾ ያ ዘረ መል ሲጎድለው ስኳር ላይ ከሁሉ በልጦ ይፋፋል፣ ሙቀት ሲበረታበት ግን ይሞታል ይላሉ መጻሕፍቱ።

"እንደ ሚስቴ ወንድም ነዋ" አለ። "ድግስ ላይ ይወፍራል፣ ሥራ ሲያይ ይሞታል።"

ከልቧ ሳቀች። እሱ ግን አይወዳትም፤ "ጋሼ፣ ቁልፉን" ስትለው "እባክዎ" የምትለዋን ትዘላለችና።

ከዚያ ይሞታል የተባለው እርሾ ሌሊቱን በሙቀት አድሮ አልሞት አለ። ደገመችው፤ ጭራሽ ለመለመ። እርጥብ ካልሲ ሲደርቅ ያን ጥግ እንደሚያቀዘቅዘው ማን ይጠርጥር? አለቃዋ አዲስ ግኝት ብሎ ደረቱን ነፋ፣ ለጎረቤት ቤተ ሙከራም ጉራውን ቸረቸረ። ጎረቤቶቹ በራሳቸው ሳጥን ሞከሩት፤ እርሾው ሞተ። ወሬው ተገለበጠ፤ ልጅቷ ውጤቱን ከጭንቅላቷ ፈጥራ ነው ተባለ። እንግዲህ ሁሉም በሚያዩበት፣ በእሷው ሳጥን ይደገም፤ ከሞተ ትባረራለች አለ አለቃው።

የዚያን ማታ ቁልፍ ያዡ፣ ጠዋት ሰው ይበዛል ብሎ፣ ካልሲውን ሳያሰጣ ጨምቆ ኪሱ ከተተው። ሲነጋ እርሾው ሞቶ ተገኘ።

ልጅቷ እርሾው ያለበትን ሳህን ይዛ የታችኛውን መደርደሪያ ጥግ በእጇ ዳበሰች። ከዚያ ዞር አለችና፣ "ጋሼ፣ እስከ ትናንት ታችኛው መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ሌላ ነገር ነበር?" አለችው።

የኪሱ እርጥበት ጭኑ ላይ ቀዘቀዘው። ያኔ ገባው። ገባውና ቀና ሲል፣ አለቃውም ጎረቤቶቹም አፉን አፉን ያያሉ። ተወልዶ እስኪሸብት ይህን ያህል የተማረ ሰው ከእሱ ቃል ጠብቆ አያውቅም። ካልሲ ነበር ቢል ቁልፉ ከወገቡ ይወርዳል፤ ወርዶስ ሚስቱ ፊት በምን ይቆማል?

"እኔ እያለሁ?" አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። "ቁልፉ እኔ ጋ ነው እኮ፤ ዝንብም አይገባም።"

አለቃው ራሱን ነቀነቀ። ልጅቷ ዕለቱን ዕቃዋን ሰበሰበች። ቁልፍ ያዡ ታማኝ ተባለ፤ የማከማቻው ቁልፍም ተጨመረለት።

እሷ ዛሬም ሥራ ትፈልጋለች። አንተ ወንበር የያዝክ አንባቢ፣ በርህን ስታንኳኳ "ከቀድሞው መሥሪያ ቤት ስለ ጠባይሽ የሚመሰክር አለ?" ብለህ ከመጠየቅህ በፊት፣ እባክህ የራስህን ቁልፍ ያዥ ጥራና ኪሱን ፈትሽ።